ቴርሞካፕልን ከፒኤልሲ ጋር የማገናኛ መንገዶች ንጽጽር፦ ቀዝቃዛው መጋጠሚያ የት ይቀመጥ?

የእቶኑ ማሳያ 470 ዲግሪ ሴልሺየስ ይላል። በእጅ የሚያዝ መለኪያ ወደ ውስጥ ሲገባ ደግሞ 500 ያነባል። እንዲህ ያለ ልዩነት ሲታይ በብዙ የጥገና ክፍሎች የሚከተለው ነገር ተመሳሳይ ነው፦ መጀመሪያ ሴንሰሩ፣ ማለትም ቴርሞካፕሉ፣ ይቀየራል፤ ካልተስተካከለ የፒኤልሲው (ማሽኑን በፕሮግራም የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር) ሞጁል ይቀየራል፤ አሁንም ካልተስተካከለ አንድ ሰው ፕሮግራሙን ከፍቶ በንባቡ ላይ 30 ይደምርበታል። ከሦስቱ የከፋው የመጨረሻው ነው። ስህተቱ ከአካባቢው ሙቀት ጋር ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ያስተካከለን የመሰለው 30 በማግስቱ ጠዋት ራሱ ስህተት ሆኖ ይጠብቀናል።

ከዚያ የግዢው ውይይት ይጀመራል። አንዱ አቅራቢ የቴርሞካፕል ሞጁል ግዙ ይላል፤ ሌላው ሁሉንም ወደ 4–20 ሚሊአምፔር ምልክት ቀይሩት ይላል፤ ሦስተኛው ቴርሞካፕሉን ትታችሁ ፒቲ 100 የሚባለውን የሬዚስታንስ ሴንሰር አስገቡ ብሎ ይመክራል። ሦስቱም በየቦታቸው ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን ለየትኛው ቦታ የትኛው እንደሆነ ዋጋ ዝርዝር ላይ አይጻፍም። እኔ ከዓመታት የጥገና ሥራ በኋላ ምርጫውን የምጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው፦ የቴርሞካፕሉ ብረት አልቆ መዳብ የሚጀምረው የት ላይ ነው? ያ ቦታ ቀዝቃዛው መጋጠሚያ ይባላል። ከዚህ በታች የሚነጻጸሩት መንገዶች በሙሉ ለዚህ ጥያቄ የተሰጡ የተለያዩ መልሶች ናቸው። ከብልሽቶቹም አብዛኞቹ ያ ቦታ ሳይታሰብ ሲቀየር የሚፈጠሩ ናቸው።

## ከመግዛት በፊት፦ ብልሽቱ የት ነው?

ቴርሞካፕል ሙቀትን በቀጥታ አይለካም። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በሁለት ጫፎቻቸው መካከል የሙቀት ልዩነት ሲኖር የሚፈጥሩትን ጥቃቅን ቮልቴጅ ነው የሚሰጠን። ቶማስ ዮሃን ዜቤክ ይህን ክስተት ያስተዋለው በ1821 ነው። ኬ ዓይነት ቴርሞካፕል ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 41 ማይክሮቮልት ያህል ይሰጣል፤ ጄ ዓይነት 50 ማይክሮቮልት ገደማ። ስለዚህ ፒኤልሲው እቶኑ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ለማወቅ የሌላኛውን ጫፍ፣ ማለትም የቀዝቃዛውን መጋጠሚያ ሙቀት ማወቅ አለበት። ሞጁሉ በተርሚናሎቹ አጠገብ ትንሽ የሙቀት ሴንሰር የተገጠመለት ለዚህ ነው፤ የራሱን የተርሚናል ሙቀት ይለካና በስሌት ይደምረዋል።

ይህን የተረዳ ሰው የመጀመሪያውን ፍተሻ በካቻቢቴና በአንዲት አጭር ሽቦ ይጨርሳል። የቴርሞካፕሉን ሁለት ሽቦዎች ከሞጁሉ ፍቱና በተርሚናሎቹ መካከል አጭር የመዳብ ሽቦ አስሩ። ቻናሉ ጤነኛ ከሆነ ንባቡ የፓኔሉን (ፒኤልሲው የተገጠመበትን ሳጥን) የውስጥ ሙቀት፣ ለምሳሌ 30 ዲግሪ አካባቢ ያሳያል። ይህን ካሳየ ሞጁሉንም የፕሮግራሙን የንባብ ክፍልም ለጊዜው ከጥርጣሬ አውጧቸው፤ ችግሩ ከተርሚናሉ ወደ እቶኑ ባለው መንገድ ላይ ነው። ለዚህ ፍተሻ ከአምስት ደቂቃ በላይ አያስፈልግም። ያለ እርሱ የተቀየረ ሞጁል ሁሉ በግምት የተቀየረ ሞጁል ነው።

ሁለተኛው ፍተሻ መልቲሜትርና የቴርሞካፕል ሠንጠረዥ ይፈልጋል። ሽቦዎቹ ከሞጁሉ እንደተፈቱ ሚሊቮልቱን ለኩ። ኬ ዓይነት ቴርሞካፕል በ500 ዲግሪ እቶን ውስጥ ሆኖ የፓኔሉ ተርሚናል 30 ዲግሪ ቢሆን፣ መልቲሜትሩ 19.44 ሚሊቮልት ማሳየት አለበት። በዚህ ላይ የ30 ዲግሪው 1.20 ሚሊቮልት ይደመራል፤ ድምሩ 20.64 ሲሆን ይህም በሠንጠረዡ 500 ዲግሪ ነው። መደመሩን የረሳ ሰው 19.44ን በቀጥታ ሠንጠረዡ ላይ ፈልጎ 472 ያገኝና ጤነኛውን ሴንሰር ይጥላል። ይህን ስህተት ልምድ ያላቸው ሰዎችም ሲሠሩት አይቻለሁ።

ሦስተኛው የዋልታ ጉዳይ ነው። ሽቦው በአንድ ቦታ ከተገለበጠ እቶኑ ሲሞቅ ንባቡ ይወርዳል፤ ይህ ወዲያው ይታያል። አደገኛው ሁለት ጊዜ የተገለበጠው ነው፦ ከሴንሰሩ እስከ ፓኔሉ የሚዘረጋው የማራዘሚያ ኬብል በሴንሰሩ ራስ (ሴንሰሩ ከኬብሉ ጋር በሚገናኝበት ክፍል) ላይም በፓኔሉ ላይም ሲገለበጥ ንባቡ ከእቶኑ ጋር በትክክል ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ነገር ግን በራሱና በፓኔሉ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት በእጥፍ ይቀነስበታል። ራሱ 60፣ ፓኔሉ 30 ዲግሪ ቢሆኑ ንባቡ በ60 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ይላል፤ ተቆጣጣሪውም ያንን ለማካካስ እቶኑን በ60 ዲግሪ አብልጦ ያሞቀዋል።

ለዚህ ግልበጣ ዋናው ምክንያት ቀለም ነው። በአሜሪካው ስታንዳርድ ኬ ዓይነት ቢጫው ፖዘቲቭ፣ ቀዩ ኔጋቲቭ ነው። ቀይን ሁልጊዜ ፖዘቲቭ አድርጎ የለመደ የኤሌክትሪክ ባለሙያ እዚህ ላይ ይሳሳታል። በዓለም አቀፉ የአይኢሲ ስታንዳርድ አረንጓዴው ፖዘቲቭ፣ ነጩ ኔጋቲቭ ነው። በቀድሞው የጀርመን ስታንዳርድ ደግሞ ቀዩ ፖዘቲቭ፣ አረንጓዴው ኔጋቲቭ ነበር። እንግዲህ አረንጓዴ ሽቦ እንደ ኬብሉ አገር ፖዘቲቭም ኔጋቲቭም ሊሆን ይችላል። ቀለሙ ባጠራጠረ ጊዜ ማግኔት አውጡ፦ በኬ ዓይነት ማግኔት የሚስበው ኔጋቲቩ ሽቦ ነው፤ በጄ ዓይነት ደግሞ ፖዘቲቩ፣ ብረት ስለሆነ።

አራተኛውና በብዛት የሚያጋጥመው መዳብ ነው። አንድ ጊዜ ለተከታታይ ቀናት ያሯሯጠን ምድጃ ነበር። ጠዋት ሲነሳ ንባቡ ትክክል ነው፤ ከሰዓት በኋላ 30 ዲግሪ ዝቅ ይላል። እኔ ከመጠራቴ በፊት ሁለት ሴንሰሮችና አንድ ሞጁል ተቀይረው ነበር። የተርሚናሉ ፍተሻ ትክክል ሆነ፤ ሚሊቮልቱ ግን አነሰ። ኬብሉን በእጄ እየዳሰስኩ ተከትዬ ስሄድ በሴንሰሩ ራስና በመካከለኛው የማገናኛ ሳጥን መካከል አራት ሜትር ያህል ተራ የመዳብ ሽቦ አገኘሁ። አሮጌው ኬብል ተቃጥሎ በተገኘው ሽቦ ተቀጥሎ ነበር። ራሱ 65፣ ሳጥኑ 35 ዲግሪ፤ ልዩነቱ ልክ 30። ጠዋት ሁለቱም ጫፎች እኩል ቀዝቃዛ ስለነበሩ ስህተቱ አይታይም ነበር። መዳብ በመካከል ሲገባ የሚጠፋው በመዳቡ ሁለት ጫፎች መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ነው፤ ከዚያ አይበልጥም፣ አያንስምም።

ስለዚህ ስህተት ባያችሁ ቁጥር አንድ ነገር ጠይቁ፦ ስህተቱ የሚያድገው ከእቶኑ ሙቀት ጋር ነው ወይስ ከአካባቢው ሙቀት ጋር? ከአካባቢው ጋር ከሆነ ቀዝቃዛው መጋጠሚያ ካለበት ቦታ ተነቃንቋል። ከእቶኑ ጋር ከሆነ የቴርሞካፕሉ ዓይነት ወይም የመለኪያው ስኬል በተሳሳተ መንገድ ተመርጧል። ጄ ዓይነት ሴንሰር በፕሮግራሙ ኬ ተብሎ ከተመዘገበ፣ ፓኔሉ 30 ዲግሪ ሲሆን እውነተኛው 500 ዲግሪ 651 ገደማ ሆኖ ይነበባል፤ በክፍል ሙቀት ላይ ግን ልዩነቱ አይታወቅም።

ፍተሻው አልቆ መንገዱን መቀየር ካስፈለገ፣ ወይም አዲስ መስመር የሚዘረጋ ከሆነ፣ ወደ ንጽጽሩ እንለፍ።

## የምንመዝንባቸው መስፈርቶች

ርቀት፦ ከሴንሰሩ እስከ ፒኤልሲው ፓኔል ስንት ሜትር ነው?

የነጥቦች ብዛት፦ ለሁለት ነጥብ የሚያዋጣው ለሃያ አያዋጣም።

የሴንሰሩ ራስ አካባቢ ሙቀት፦ ብዙዎች የእቶኑን ሙቀት ጠይቀው ይህን ይረሱታል። አንድን መንገድ ሙሉ በሙሉ ከምርጫ የሚያስወጣው ግን ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

የኤሌክትሪክ ረብሻ፦ በመንገዱ ላይ የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ ኢንቨርተሮች፣ ትላልቅ ኮንታክተሮች፣ የኃይል ኬብሎች አሉ?

የሚፈለገው ትክክለኛነት፦ በአይኢሲ 60584 መሠረት የሁለተኛ ደረጃ ኬ ዓይነት ቴርሞካፕል የተፈቀደለት ስህተት 2.5 ዲግሪ ወይም የንባቡ 0.75 በመቶ ነው፤ ከሁለቱ የሚበልጠው ይወሰዳል። በ1000 ዲግሪ 7.5 ዲግሪ ማለት ነው። ሴንሰሩ ራሱ ይህን ያህል የሚሳሳት ከሆነ ለሞጁሉ የዲግሪ አንድ አሥረኛ ትክክለኛነት ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ከንቱ ነው።

የመጨረሻው መስፈርት በዋጋ ዝርዝር ውስጥ የማይገኘው ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም ይቀድማል፦ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብልሽት ሲመጣ፣ በፈረቃ ላይ ያለው ሰው በእጁ ባለው መሣሪያ ሊያገኘው ይችላል?

## አንደኛ፦ የማራዘሚያ ኬብል በቀጥታ ወደ ቴርሞካፕል ሞጁል

እዚህ ቀዝቃዛው መጋጠሚያ በፒኤልሲው ሞጁል ተርሚናል ላይ ነው። ከሴንሰሩ ራስ እስከዚያ ድረስ ያለው ሽቦ ሁሉ ከቴርሞካፕሉ ጋር የሚዛመድ ብረት መሆን አለበት። ለኬ ዓይነት ኬኤክስ የሚባለው ኬብል ከራሱ ከቴርሞካፕሉ ቅይጥ የተሠራ ነው፤ ኬሲ የሚባለው ማካካሻ ኬብል ደግሞ ሌላ ርካሽ ቅይጥ ሆኖ በጠባብ የሙቀት ክልል ውስጥ ብቻ ተመሳሳይ ቮልቴጅ የሚሰጥ ነው። ራሱ በጣም በሚሞቅበት ቦታ ኬሲ መጠቀም አላስፈላጊ አደጋ ነው።

የዚህ መንገድ ትልቁ ብርታት ቀላልነቱ ነው። በመካከል ኃይል የሚፈልግ፣ ስኬል የሚዘጋጅለት፣ የሚበላሽ መሣሪያ የለም። ከላይ የጠቀስኳቸው ፍተሻዎች ሁሉ በቀጥታ ይሠሩበታል፤ ሞጁሉም የተቆረጠ ሽቦን ራሱ ያሳውቃል። በሲመንስ ኤስ7 ፒኤልሲዎች ለምሳሌ የቴርሞካፕል ንባብ በአንድ አሥረኛ ዲግሪ መለኪያ በቀጥታ ይመጣል፤ 500 ዲግሪ 5000 ሆኖ ይነበባል፤ በፕሮግራሙ ውስጥ የሚሳሳት የስኬል ስሌት የለም።

ድክመቱ የምልክቱ ትንሽነት ነው። 1 ሚሊቮልት ረብሻ በኬ ዓይነት ላይ 25 ዲግሪ ገደማ ስህተት ያመጣል። ስለዚህ ኬብሉ የተጠማዘዘና የብረት መከላከያ ሽፋን ያለው፣ ሽፋኑም በአንድ ጫፍ ብቻ ከመሬት የተገናኘ፣ ከኃይል ኬብሎች ጋር በአንድ ቱቦ የማይሄድ፣ መገናኘት ካለበትም በቀጥተኛ ማዕዘን የሚያቋርጥ መሆን አለበት። የሞጁሉ ማጣሪያ ከአካባቢው የኃይል መስመር ድግግሞሽ ጋር፣ 50 ወይም 60 ኸርዝ ተብሎ፣ መስተካከሉንም ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ሌላው ድክመት የጋራ መሬት ነው። ጫፉ ከብረት ሽፋኑ ጋር የተበየደ ሴንሰር ሙቀትን ቶሎ ይቀበላል፤ ነገር ግን የማሽኑን መሬት ወደ ሞጁሉ ይዞ ይገባል። ሞጁሉ ቻናሎቹን እርስ በርሳቸው ካልነጠለ፣ ከሁለት የተለያዩ ማሽኖች የመጡ ሁለት እንዲህ ያሉ ሴንሰሮች በሞጁሉ በኩል ተገናኝተው ንባባቸውን ያወላግዱታል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ አንዱን ስትነቅሉ ሌላው ይስተካከላል። መፍትሔው ጫፉ ከሽፋኑ የተነጠለ ሴንሰር ወይም ቻናሎቹ የተነጣጠሉ ሞጁል ነው። ከሁለቱ ሴንሰሩን መቀየር ብዙ ጊዜ ይቀላል።

በመጨረሻም የፓኔሉን ውስጥ አስቡ። ቀዝቃዛው መጋጠሚያ እዚያ ስለሆነ፣ ሞጁሉን ከሚሞቅ የኃይል ማቅረቢያ አጠገብ መትከል ወይም ማራገቢያ በቀጥታ ተርሚናሉ ላይ እንዲነፍስ ማድረግ ንባቡን በጥቂት ዲግሪዎች ያዛባል። የፓኔሉ በር ሲከፈት ንባቡ የሚለወጥ ከሆነ ምክንያቱን አግኝታችኋል።

## ሁለተኛ፦ በሴንሰሩ ራስ ላይ የሚገጠም ትራንስሚተር

ትራንስሚተር የቴርሞካፕሉን ሚሊቮልት ወደ ሚሊአምፔር ምልክት የሚቀይር ትንሽ መሣሪያ ነው። እዚህ ቀዝቃዛው መጋጠሚያ ከፓኔሉ ወደ ሴንሰሩ ራስ ተዛወረ። ከዚያ በኋላ ያለው ሽቦ ተራ መዳብ ነው፤ ምልክቱም 4–20 ሚሊአምፔር። ረብሻን መቋቋሙን በቁጥር እንየው፦ ከ0 እስከ 1200 ዲግሪ ተስተካክሎ በ250 ኦም ላይ የሚነበብ ምልክት ላይ ያው 1 ሚሊቮልት ረብሻ ቢገባ ስህተቱ 0.3 ዲግሪ ብቻ ነው። በቀጥታው መንገድ 25 ነበር። ርቀቱ ብዙ፣ ኢንቨርተሩ ብዙ ከሆነ ከዚህ የተሻለ ቀላል መልስ የለም።

ይሁን እንጂ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃን እቶን አጠገብ እያስቀመጥን ነው። በራስ ላይ የሚገጠሙ አብዛኞቹ ትራንስሚተሮች የተፈቀደላቸው የአካባቢ ሙቀት እስከ 85 ዲግሪ ነው። የራሱን ሙቀት እቶኑ በሙሉ አቅሙ ለሰዓታት ከሠራ በኋላ ለኩ፤ 70ን ካለፈ ትራንስሚተሩን ራሱ ላይ አትግጠሙት። በአጭር የማራዘሚያ ኬብል ራቅ ወዳለ ሳጥን አውጡት።

በዚህ መንገድ አዲስ የስህተት ዓይነት ይወለዳል፤ እርሱም የስኬል አለመጣጣም ነው። ትራንስሚተሩ ከ0 እስከ 1000 ተስተካክሎ ፒኤልሲው ከ0 እስከ 1200 ቢጠብቅ፣ እውነተኛው 500 ዲግሪ 12 ሚሊአምፔር ይሆንና 600 ተብሎ ይነበባል። መለዋወጫ ትራንስሚተር ከመደርደሪያ ወጥቶ ሳይስተካከል ሲገጠም የሚሆነው ይህ ነው። ስኬሉን በራሱ ክዳን ውስጥ በማይለቅ ቀለም ጻፉት።

አሁን በጣም አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። በቀጥታው መንገድ ቴርሞካፕሉ ሲቆረጥ ሞጁሉን ወደ ላይ እንዲያነብ ማዘዝ ይቻላል፤ ፒኤልሲው እቶኑ በጣም የሞቀ መስሎት ማሞቂያውን ያቋርጣል። ትራንስሚተሩም ሴንሰሩ ሲቆረጥ ከ21 ሚሊአምፔር በላይ እንዲሰጥ ሊስተካከል ይችላል። ነገር ግን ከትራንስሚተሩ እስከ ፓኔሉ ያለው የመዳብ ሽቦ ራሱ ቢቆረጥ ምልክቱ 0 ሚሊአምፔር ይሆናል። ፕሮግራሙ ይህን በስኬሉ ብቻ ካሰላው ከዜሮ በታች የሆነ ሙቀት ያያል፤ ማሞቂያውንም በሙሉ ኃይል ይከፍታል። ወደ ትራንስሚተር የቀየረ ሰው ከ3.6 ሚሊአምፔር በታች የሆነን ንባብ እንደ ብልሽት ቆጥሮ ማሞቂያውን የሚያቋርጥ መስመር በፕሮግራሙ ሳያስገባ ሥራዬን ጨረስኩ ማለት የለበትም።

## ሦስተኛ፦ በፓኔሉ ውስጥ ባለ ሐዲድ ላይ የሚገጠም ትራንስሚተር

የማራዘሚያ ኬብሉ እስከ ፓኔሉ ይመጣል፤ ቀዝቃዛው መጋጠሚያ በትራንስሚተሩ ተርሚናል ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ተራው የአናሎግ ሞጁል መዳብ ይሄዳል። የአንደኛውንም የሁለተኛውንም ወጪ የሚያስከፍል ስለሆነ በአዲስ ተከላ አልመክረውም። ቦታው ጠባብና ግልጽ ነው፦ ፒኤልሲው አሮጌ ሆኖ የቴርሞካፕል ሞጁል ከጠፋለት፣ ባዶ የአናሎግ ቻናል ካለ፣ ነጥቦቹም ሁለት ወይም ሦስት ከሆኑ። የመነጠል ችሎታ ያለው ትራንስሚተር የጋራ መሬትን ችግርም አብሮ ይፈታል።

## አራተኛ፦ ከእቶኑ አጠገብ የሚቀመጥ የርቀት ሞጁል

የቴርሞካፕል ሞጁሉን ራሱን ወደ እቶኑ እንወስደዋለን፤ ከዚያ ወደ ፒኤልሲው የሚሄደው አንድ የመረጃ ኬብል ብቻ ነው። ነጥቦቹ አሥራ ሁለት፣ ሃያ፣ ሠላሳ በሆኑባቸው ረጃጅም እቶኖች ላይ ይህ በጣም ያዋጣል፦ እያንዳንዱ ማራዘሚያ ወደ ጥቂት ሜትር ያጥራል፤ ምልክቱም ሩቅ መንገድ የሚጓዘው ቁጥር ሆኖ ነው። የኢተርኔት መዳብ ኬብል በአንድ ዝርጋታ 100 ሜትር ይወስዳል፤ አርኤስ 485 የሚባለው የመረጃ መስመር በዝቅተኛ ፍጥነት እስከ 1200 ሜትር።

ዋጋው በሌላ መልክ ይከፈላል። የሞጁሉ ሳጥን የፓኔሉን ያህል እንክብካቤ ይፈልጋል፤ አብዛኞቹ ሞጁሎች የሚፈቀድላቸው 55 ወይም 60 ዲግሪ ስለሆነ ከትራንስሚተሩ ይልቅ ለሙቀት ስስ ናቸው። የመረጃ ኬብሉ ከተበጠሰም የሚጠፋው አንድ ነጥብ ሳይሆን ሁሉም ነው፤ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ፒኤልሲው የመጨረሻውን ንባብ ይዞ እንዳይቀጥል አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። የብልሽት ፍለጋውም ለሁለት ይከፈላል። በሽቦው በኩል እንደ አንደኛው መንገድ ቀላል ነው፤ በመረጃ መስመሩ በኩል ግን ላፕቶፕና ሥልጠና ያለው ሰው ይጠይቃል።

## አምስተኛ፦ ቴርሞካፕሉን ትቶ ወደ ፒቲ 100 መሄድ

እዚህ ቀዝቃዛ መጋጠሚያ የሚባል ነገር የለም። ፒቲ 100 በ0 ዲግሪ 100 ኦም፣ በ100 ዲግሪ 138.51 ኦም የሚሆን የፕላቲነም ሬዚስታንስ ነው፤ ሽቦው ተራ መዳብ ነው። በ200 ዲግሪ ላይ የአንደኛ ደረጃ ኬ ዓይነት 1.5 ዲግሪ ሲፈቀድለት፣ ኤ ደረጃ ፒቲ 100 የሚፈቀድለት 0.55 ነው። ሥራችሁ ከ400 ዲግሪ በታች ከሆነና ትክክለኛነት ካስፈለጋችሁ ቴርሞካፕል ላይ የምትቆዩበት ጥሩ ምክንያት ብዙ ጊዜ የለም፤ ኃይለኛ ንዝረት ወይም በጣም ፈጣን ምላሽ የሚፈልግ ሥራ ካልሆነ በቀር።

በሁለት ሽቦ ግን አትዘርጉት። 1 ኦም የሽቦ ሬዚስታንስ 2.6 ዲግሪ ስህተት ነው። ሦስት ሽቦ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል፤ አራት ሽቦ ለቤተ ሙከራ ደረጃ። የቴርሞካፕል ሞጁል ፒቲ 100 ሁልጊዜ ስለማይቀበል የሞጁሉን ለውጥ በወጪው ውስጥ አስገቡ።

## ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መንገድ | ቀዝቃዛው መጋጠሚያ | የሚስማማው ርቀትና ብዛት | ረብሻን መቋቋም | ሌሊት ብልሽት ማግኘት | ወጪው የሚያይልበት |
|---|---|---|---|---|---|
| በቀጥታ ወደ ሞጁል | በፒኤልሲው ሞጁል | አጭር ርቀት፣ ጥቂት ወይም መካከለኛ ብዛት | ደካማ፤ በጥንቃቄ ዝርጋታ ይሻሻላል | በጣም ቀላል | በኬብሉ ሜትር |
| ትራንስሚተር በራስ ላይ | በሴንሰሩ ራስ | ረጅም ርቀት፣ ጥቂት ነጥቦች | በጣም ጥሩ | መካከለኛ፤ ስኬል ይታያል | በእያንዳንዱ ነጥብ |
| ትራንስሚተር በፓኔል | በትራንስሚተሩ | አጭር ርቀት፣ ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ | እስከ ፓኔሉ ደካማ | መካከለኛ | በኬብሉም በነጥቡም |
| የርቀት ሞጁል | በእቶኑ አጠገብ ሳጥን | ረጅም ርቀት፣ ብዙ ነጥቦች | ጥሩ | በሽቦው ቀላል፣ በመረጃ መስመሩ ከባድ | በመጀመሪያው ተከላ |
| ፒቲ 100 | የለም | ከ400 ዲግሪ በታች | መካከለኛ | ቀላል፤ በኦም መለኪያ | በሴንሰሩና በሞጁል ለውጥ |

## ለእናንተ የትኛው?

በቀጥታና በትራንስሚተር መካከል የሚያመነታ ሰው አንድ ስሌት ይሥራ። የማራዘሚያ ኬብሉ የሜትር ዋጋ ላይ የተራ መዳብ ኬብል የሜትር ዋጋ ይቀነስ፤ ውጤቱ በርቀቱ ይባዛ። ይህ ቁጥር ከአንድ ትራንስሚተር ዋጋ ከበለጠ ትራንስሚተሩ ያዋጣል፤ ካነሰ አያዋጣም። ከዚያ የሞጁሉ ልዩነት ይታሰብ። ርቀቱ ከሃያ ሜትር በታች በሆነበትና ኢንቨርተር በሌለበት ቦታ እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው ቀጥታውን ነው፤ የሚበላሸው ነገር ጥቂት ስለሆነ።

በጀታችሁ በጣም ጠባብ ከሆነና አሁን ያለው መስመር እያስቸገራችሁ ከሆነ ምንም አዲስ መሣሪያ አትግዙ። በዚያ ገንዘብ ትክክለኛውን የማራዘሚያ ኬብል ግዙና ከራሱ እስከ ሞጁሉ ያለ ቅጥል አዲስ ዘርጉ። መቀጠል ግድ ከሆነ ለዚያው ዓይነት የተሠራ ማገናኛ ተጠቀሙ፤ ተራ ተርሚናልም ሁለቱ ብሎኖቹ እኩል ሙቀት ላይ እስካሉ ድረስ አይጎዳም፤ ከእቶኑ ግድግዳ ላይ ግን አትለጥፉት።

ንባቡ በረብሻ የሚዘል ከሆነና ኬብሉን ከኃይል መስመሮች ማራቅ ካልተቻለ፣ የራሱም ሙቀት ከፈቀደ፣ በራስ ላይ የሚገጠመው ትራንስሚተር ነው መልሱ። ነጥቦቹ ከአሥር በላይ ሆነው ፒኤልሲው ሩቅ ከሆነ የርቀት ሞጁል፤ ነገር ግን የመረጃ መስመሩን የሚያውቅ ሰው በየፈረቃው ካለ ብቻ።

ከ800 ዲግሪ በላይ በኬ ዓይነት እየሠራችሁ ንባቡ ከወር ወር ቀስ በቀስ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ከላይ ካሉት መንገዶች አንዱም አያድናችሁም። ኦክስጅን ባነሰበት ከባቢ የፖዘቲቩ ሽቦ ክሮሚየም እየተበላ ነው፤ ብልሽቱ ያለው በእቶኑ ውስጥ ባለው ብረት እንጂ በሽቦው ዝርጋታ አይደለም። ኤን ዓይነትን ከነማራዘሚያ ኬብሉ ገምግሙ፤ የኬን ኬብል ትታችሁ ሴንሰሩን ብቻ ብትቀይሩ ሌላ የቀዝቃዛ መጋጠሚያ ችግር ትፈጥራላችሁ።

የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ በግዢ ማዘዣው ላይ እነዚህ ይጻፉ፦ የቴርሞካፕሉ ዓይነት ፊደል፤ የቀለሙ ስታንዳርድ፤ ጫፉ ከሽፋኑ የተነጠለ ወይም ያልተነጠለ መሆኑ፤ ኬብሉ ማራዘሚያ ወይም ማካካሻ መሆኑ፤ ትራንስሚተር ከሆነ ስኬሉ፤ እንዲሁም ሴንሰሩ ሲቆረጥ ንባቡ ወደ ላይ እንዲሄድ። ማሞቂያ ባለበት ማሽን ሁሉ ከፒኤልሲው ተለይቶ የራሱ ቴርሞካፕል ያለው፣ ከተወሰነ ሙቀት ሲያልፍ የማሞቂያውን ዋና ኮንታክተር በቀጥታ የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያም በዚያው ማዘዣ ላይ ይካተት። ሁለት ጊዜ የተገለበጠ ሽቦ እቶኑን በ60 ዲግሪ አብልጦ ሲያሞቀው ፒኤልሲው አያውቅም፤ በሌላ ሽቦ የሚያይ መሣሪያ ግን ያውቃል።